ያልሞተው ፍሬ
(በ1981 ዓ.ም. ተመራቂዎች የ30ኛ ዓመት መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ውድ መምህሮቻችን፣ የባቻችን ልጆች፣ እንዲሁም ‹‹አባባ ደግሞ ስለ አረም ሊያወራ ነው›› እያላችሁ በግድ የመጣችሁ ልጆቻችን፦

አዘጋጅ ኮሚቴው ‹‹ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን፤ ግን ምሳ እንዳይበርድ›› ብሎኛል። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ስለ ተሳካልኝ ሥራ ከማውራት ስላጠፋሁት ነገር ብናገር ይሻላል አልኩ። ስኬታችንንማ ሁላችንም ከሻይ ሰዓት ጀምሮ ስናወራው ነው የዋልነው። አትሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው።

የማወራችሁ ስለ አንዲት የዱር ተክል ነው። የአተርና የባቄላ ዘመድ ናት። በክረምት በቅላ፣ አብባ፣ አፍርታ፣ በበጋው የምትሞት የአንድ ዓመት ተክል። ሳይንሳዊ ስሟ ቪግና ኡንጉዊኩላታ ይባላል፤ የዱሩ ዓይነት ደግሞ ስፖንታኒያ የሚል ቅጥያ አለው። በእርሻ ላይ ያለችውን እህቷን እኛ በመሥሪያ ቤት ካውፒ እያልን ነበር የምንጠራት። ቪግና የሚለው ስም በ17ኛው መቶ ዓመት በፒሳ ይኖር ለነበረው ለዶሜኒኮ ቪግና መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ይህችን ተክል ሲመዘግብ ዶሊኮስ ከሚባለው ወገን ነበር ያደረጋት፤ ወደ ቪግና የተዛወረችው በኋላ ነው። ስም መቀየር በእኛ አልተጀመረም ለማለት ያህል ነው።

በ1988 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እኔና አንድ ጓደኛችን (እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው፣ ስሙን እንዳትጠራ ብሎኛል) ከጎንደር በአይከል በኩል አድርገን ወደ መተማ ወረድን። ከገንዳ ውሃ አልፈን ሽንፋ አካባቢ ደረስን። ያን ጊዜ እዚያ የነበረውን ደን ያየ ሰው አይረሳውም። ደን ስላችሁ የጅማን ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ ደን እንዳታስቡ። ዛፎቹ ተራርቀው የቆሙ፣ ከሥራቸው ረጅም ሣር የሞላበት፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ የሚመስል፣ በየዓመቱ እሳት የሚያልፍበት ደረቅ ቆላ ነው። አባሎው፣ ወይባው፣ ቅርቅራው፣ የእጣን ዛፉ ሁሉ አለ። የዕፅዋት ምሁሮቻችን የኮምብሬተምና የተርሚናሊያ ደን የሚሉት ይህንን ነው፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከላይ እስከ ታች ድንበሩን ተከትሎ ይወርዳል።

ተክሏን ያገኘናት ሣሩ ውስጥ ነው። ቀጭን ሐረጓ በሣሩ ላይ ተጠምጥማለች። ቅጠሏ እንደ ዘመዶቿ ሁሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው። ከቅጠሉ ግንጭል ሥር ያሉትን ትናንሽ ጆሮዎች አስተውላችሁ ብታዩ ከተጣበቁበት ቦታ ወደ ታችም አለፍ ብለው ሹል ይሆናሉ፤ አበባ በሌለበት ጊዜ ‹‹ይህቺ ናት›› ለማለት አንዱ ምልክት ይህ ነው። ፀሐይ ሲበረታና ውሃ ሲያጥራት ቅጠሎቿን ታዞራለች፤ ፊታቸውን ለፀሐይ መስጠት ትተው በጠርዛቸው ይቆማሉ። እኛ ጃንጥላ እንዘረጋለን፣ እሷ ራሷ ታጥፋለች።

አበባዋ ሐምራዊ ነው። ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ ከቀትር በፊት ይዘጋል፣ ከዚያ በቃ፤ ሁለተኛ አይከፈትም። ስለዚህ አርፍዶ የሚነሳ የዕፅዋት ሰብሳቢ የተኮማተረ ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ጓደኛዬ እኔን በዚህ ምክንያት ነበር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየቀሰቀሰ የሚያስመርረኝ። አንዷ የአበባ ቅጠል ከኋላ እንደ ሰንደቅ ትቆማለች፣ ሁለቱ እንደ ክንፍ ከጎን ይሆናሉ፣ የታችኞቹ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ ጀልባ ሆድ ይሆኑና ወንዴውንና ሴቴውን ይሸፍናሉ። ወንዴዎቹ 10 ናቸው፤ 9ኙ ከሥር ተያይዘው አንዱ ብቻውን ነው። በዚያች ጀልባ ውስጥ አበባው ገና ሳይከፈት ዱቄቱ ሴቴዋ ላይ ይራገፋል። ስለዚህ በአብዛኛው ራሷን በራሷ ነው የምታዳቅለው። ንብ መጥታ ብታደባልቅ አትጠላም፣ ንብ ቀረች ብላ ግን ሳታፈራ አትቀርም። የአንድ ክረምት ዕድሜ ያለው ፍጡር እንግዳ መጠበቅ አይችልም።

በአበባዎቹ መካከል ደግሞ ማር የሚያወጡ ትናንሽ እጢዎች አሏት። ማሩ ለንብ ሳይሆን ለጉንዳን ነው። ጉንዳኖቹ ማሩን ሲሉ ይመላለሳሉ፤ ሲመላለሱም ቅጠልና አበባ የሚበሉትን ትሎች ያባርራሉ። ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚጠብቁ ዘበኞች በሏቸው። ሥሯን ብትነቅሉ እባጭ እባጭ ነገር ታገኛላችሁ። ከፈት ሲያደርጉት ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ነገር ስላለበት ነው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ይመግቧታል፣ እሷም ስኳር ትሰጣቸዋለች። በየዓመቱ በሚቃጠል ስስ አፈር ላይ እንደዚህ ለምልማ የምትገኘው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ፍሬው ያለበትን ቀጭን ዕቃ በላቦራቶሪ ፖድ ነበር የምንለው፤ እኔ ዛሬ ሰገባ ልበለው። የዱሯ ሰገባ ጥቁር፣ ቀጭንና ሻካራ ነው። ሲደርቅ ሁለቱ ግድግዳዎች በተለያየ አቅጣጫ ይኮማተራሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ከዚያ ጠሽ! ፍሬው ይበተናል። በቀትር ሣሩ መሐል ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ትሰሙታላችሁ። የእርሻዋ ካውፒ ይህን ባሕርይ አጥታለች፤ ገበሬ ከመሬት አይለቅምም፤ ሳይበተን የቀረውን ሰገባ እየሰበሰበ ለዓመት ሲዘራ፣ ሳያውቀው የማይበተነውን መረጠ። በፍሬም ይለያሉ፤ የእርሻዋ 100 ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ግራም ሲመዝን፣ የዱሯ 100 ፍሬ ግን ብዙውን ጊዜ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ግን ሁለቱም 22 ክሮሞዞም ነው ያላቸው፣ ይዳቀላሉም። ይህን ያዙልኝ።

ያሳደሩን እናት ስንሰበስብ አይተው ሳቁብን። ‹‹ልጄ፣ የሚበላው እያለ የወፉን ምን ያደርግላችኋል?›› አሉኝ። የራሳቸውን ዘር በቅል ውስጥ ከአመድ ጋር ቀላቅለው ነበር የሚያስቀምጡት፣ ነቀዝ እንዳይበላው። ‹‹እማማ፣ ይሄኛው አይነቅዝም?›› ብላቸው፣ ‹‹እሱማ ጠጠር ነው። ዝናብም ቢመጣ እሺ አይልም፤ አንዳንዱ ዘንድሮ፣ አንዳንዱ ለከርሞ ነው የሚወጣው›› አሉኝ። እኔ ፈገግ አልኩ፤ አልጻፍኩትም። ጓደኛዬ ጻፈው።

ያመጣነው 58 ፍሬ ነበር። ወደምሠራበት የምርምር ጣቢያ ተመልሼ 40ውን በእርጥብ ወረቀት ላይ አደረግሁ። በ14 ቀን 3 ብቻ በቀሉ። እነሱንም ኩባያ አፈር ውስጥ ተክዬ ውሃ አበዛሁባቸውና በሳምንቱ ግንዳቸው ከሥር በስብሶ ወደቁ። 37ቱ እንደ ጠጠር ተቀምጠዋል። መዝገቡ ላይ ‹‹ያልበሰለ ወይም የሞተ›› ብዬ ጻፍኩና ጣልኳቸው። የቀሩትን 18 ደግሞ መጋዘን ሲጸዳ ‹‹ይወገዱ?›› ተብዬ ስጠየቅ ‹‹ይወገዱ›› ብዬ ፈረምኩ።

አሁን ከመምህሮቻችን አንዱ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ። አዎ ጋሼ፣ አስተምረውናል! የሞተ ፍሬ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ውሃ ያልጠጣ ፍሬ፣ ያላበጠ ፍሬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እርጥበት ላይ ተቀምጦ እንደ ጠጠር የቀረ ፍሬ የሞተ ሳይሆን የተዘጋ ነው። የፍሬው ቆዳ ከላይ እንደ ምሰሶ ተጠጋግተው የቆሙ ጠንካራ ሴሎች አሉት፤ ውሃ አያሳልፉም። መምህራችን አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ሻካራ ወረቀት ክፍል ይዘው መጥተው ፍሬውን ፋቅ ፋቅ አድርገው አሳይተውናል አሉ። አሉ የምለው እኔ በዚያን ቀን ክፍል አልነበርኩም። የት እንደነበርኩ የዶርም ጓደኞቼ ያውቃሉ፤ ኳስ ሜዳ።

ተክሏ እንዲህ የምታደርገው ለተንኮል አይደለም። ቆላ ውስጥ የመጀመሪያው ዝናብ ውሸታም ነው። አንድ ቀን ይጥልና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ፍሬው ሁሉ በዚያ ዝናብ ቢወጣ ሁሉም አንድ ላይ ይደርቃል፤ የአንድ ዓመት ተክል ደግሞ ለከርሞ የምታወጣው ሥር የላትም። ከዘንድሮ ወደ ከርሞ የሚያሻግራት ድልድይ ፍሬዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂቱን ትልካለች፣ ብዙውን ትቆልፋለች። ቁልፉን የሚከፍተው የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ መፈራረቅ፣ የአፈር መፋቅ፣ የእሳቱ ግለት ነው። እማማ ‹‹ለከርሞ ነው የሚወጣው›› ያሉኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ ያልገባኝን እሳቸው ቡና እየቀዱ ነገሩኝ።

ጥፋቴን ያወቅሁት በ1990 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ጥበቃችን ለበዓል ግቢውን አጽድተው የነቀሉትን አረም ከምረዋል። ሳልፍ ሐምራዊ አበባ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

‹‹ጋሼ፣ ይህን ከየት ነቀሉት?››

‹‹ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከቆሻሻው ላይ ነዋ። አረም እኮ ነው።››

ሁለት ክረምት ቆይታ በቅላ ነበር። ሰገባዎቹ ገና እንጭጭ ናቸው፤ ከተነቀለች በኋላ ሊበስሉ አይችሉም። ጥበቃው ምን ያድርጉ? ሥራቸውን ነው የሠሩት። እኔ ነኝ ሥራዬን ያልሠራሁት። ያቺን ተክል ጋዜጣ ውስጥ አድርጌ ጨመቅኋት፤ እስካሁን አለች።

‹‹ታዲያ አንዲት አረም ብትጠፋ ምን ይሆናል?›› የምትሉ አትጠፉም፤ በተለይ የኢኮኖሚክስ ልጆች። ካውፒ ከሴኔጋል እስከ ሞዛምቢክ በዝናብ አጠር አገር የስንቱ ቤት ምግብ ነች፤ ፍሬዋም ቅጠሏም ይበላል። እዚሁ እኛም ቆላ ውስጥ ትዘራለች። የተገራችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በጋና፣ ኪንታምፖ በሚባለው ጥንታዊ ባህል ቦታዎች ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የካውፒ ቅሪት በቁፋሮ ተገኝቷል። ከዱር ወደ እርሻ ስትገባ ግን የያዘችው የዱሩን ሀብት ጥቂቱን ብቻ ነው። ነቀዙ፣ ሰገባ ቦርቧሪው ትል፣ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠው አቀንጭራ ሁሉ ይፈትኗታል። አዳቃዮች መፍትሔ ሲያጡ ወደ ዱር ዘመዶች ነው የሚመለሱት። ሁሉም ዘመድ ደግሞ እሺ አይልም። ቪግና ቬክሲላታ የምትባለው ሌላዋ የዱር ዘመድ ተባይ መቋቋሟ ታውቆ ከካውፒ ጋር ሊያዳቅሏት ብዙ ተሞክሮ አልሆነም። ይህቺ የማወራላችሁ ግን ያለ ችግር ትዳቀላለች። ለዚህ ነው ኢባዳን፣ ናይጄሪያ ያለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ተቋም ከ15,000 በላይ የካውፒ ናሙና በቅዝቃዜ የሚጠብቀው። ለዚህ ነው እኛም አገር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘር ባንክ ያለን።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወደ ሽንፋ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ለዚያ ጓደኛችን ደወልኩ። የእኔ ማስታወሻ ‹‹ሽንፋ አካባቢ፣ ደን ውስጥ›› ይላል፣ በቃ። የእሱ ደብተር ግን ከመንደሩ ስንት ሰዓት በእግር እንደሄድን፣ ወንዙ በየት በኩል እንደነበረ፣ አፈሩ መረሬ መሆኑን፣ ትልቁ ዳርሌ ዛፍ የት እንደቆመ፣ እማማ የተናገሩትን ሳይቀር ይዟል። 16 ዓመት ሙሉ በሻንጣ ውስጥ አስቀምጦታል። ስንት ጊዜ ቤት ሲቀይር ባለቤቱ ‹‹ይህን ወረቀት አትጥለውም?›› እንዳለችው ራሷ ትመስክር፣ እዚሁ አለች።

እማማ አርፈው ነበር፤ ልጃቸው ተቀበለኝ። ደብተሩ በሚለው መንገድ ሄድን። ደኑ የለም። ዓይን እስኪደክም ሰሊጥ ነው። በማንም አልፈርድም፤ ሰሊጥ ለስንት ቤት ልጅ ማስተማሪያ ሆኗል፣ የልጃቸውንም የቆርቆሮ ቤት የሠራው ሰሊጥ ነው። ግን የትራክተር ማረሻ በየዓመቱ የሚገለብጠው መሬት ላይ፣ ሣርም ዛፍም በሌለበት፣ እሷ በምን ላይ ትጠመጠማለች? ደብተሩ ያለው ቦታ ላይ ደርሰን ቆምን፤ ዳርሌውም የለም። ያ ቀን አይረሳኝም። 18 ፍሬ ‹‹ይወገዱ›› ብሎ የፈረመው እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ልጅየው ዝም ብሎ አየኝና፣ ‹‹ጋሼ፣ ማረሻ የማይገባበት ድንጋያማ ቦታ ወንዙ ዳር አለ፤ እንየው?›› አለኝ። ሄድን። በድንጋዮቹ መካከል ሁለት ሐረግ አገኘን። ሰገባው አሁንም እንጭጭ! ኅዳር ድረስ መቆየት አልቻልኩም። ለልጅየው ሰገባው ሳይፈነዳ የወረቀት ከረጢት እንዲያለብሰው አሳየሁት፣ ግማሹንም ለቦታው እንዲተው ተስማማን። በኅዳር መጨረሻ የጎንደር አውቶቡስ ሾፌር በመድኃኒት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ላከልኝ። 31 ፍሬ ነበር።

10ሩን በሻካራ ወረቀት ፋቅኋቸው፤ ፅንሱ ያለበትን ጎን እንዳልነካ ተጠንቅቄ። 10ሩን እንዳሉ ተውኳቸው። ከተፋቁት 9 በቀሉ። ካልተፋቁት 1። እጄ ተንቀጥቅጧል ብላችሁ አትመኑኝም፤ የ50 ዓመት ሰው በዘጠኝ ቡቃያ! ራሷን የምታዳቅል ስለሆነች ከጥቂት ተክል ብዙ ፍሬ ማግኘት አልከበደም። ከቦታው፣ ከአፈሩና ከእማማ ቃል ጋር ለዘር ባንኩ አስረከብኩ። ከጣልኳቸው ጋር አንድ ናቸው ግን አልልም። ያ የደኑ ነው፣ ይህ የወንዝ ዳር ነው። የጠፋው ጠፍቷል።

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። እኛ በተመረቅንበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ 3ኛው ቅጽ ወጣ፤ የጥራጥሬ ዘመዶች ሁሉ ያሉበት። ያን ሥራ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር እየመሩት፣ የጥራጥሬውን ክፍል ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ሠርቶት፣ መሠረት የሆነው ግን በየበረሃው የዞሩ ሰዎች የጨመቁት ቅጠልና የጻፉት ደብተር ነው። እኛም ዞረናል። በጂፕ፣ በበቅሎ፣ በእግር፣ ወባ እየያዘን። ደብተሮቻችን የት ናቸው? ያኔ ደን የነበረው ስንት ቦታ ዛሬ እርሻ፣ ከተማ ወይም መንገድ ሆኗል? እዚያ ምን እንደነበረ የሚመሰክረው ወረቀት ምናልባት አልጋችሁ ሥር ነው ያለው።

ማኅበራችን በዚህ ዓመት ከድግሱ በተጨማሪ አንድ ሥራ ይሥራ፦ ደብተሮቻችንን፣ የተጨመቁ ዕፅዋቶቻችንን፣ ከጀርባቸው ቦታና ቀን የተጻፈባቸውን ፎቶዎች ሰብስቦ፣ ቅጂ አስቀርቶ፣ ዋናውን ለብሔራዊ ሄርባሪየም ያስረክብ። የእርሻ ልጆች ብቻ አይደላችሁም፤ የጂኦሎጂ፣ የጂኦግራፊ፣ የጤና ልጆችም ዞራችኋል። ‹‹ጽሑፌ አያምርም›› አትበሉ። የእኔ ያምር ነበር፤ ምንም አልያዘም እንጂ።

ለልጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል። አባትና እናታችሁ ቢሞቱ (ዕድሜ ይስጣቸውና) ያን የተቀዳደደ ደብተር ከመጣላችሁ በፊት ለአንድ ሰው አሳዩ። አልበቀለም ብላችሁ የሞተ ነው አትበሉ። እኔ ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ።

ከነዚያ ተክሎች የተገኙ ጥቂት ፍሬዎች በዚህ ብልቃጥ ይዣለሁ፤ በሻይ ሰዓት ማየት ትችላላችሁ። ሻካራውን ወረቀትም አምጥቻለሁ። ጋሼ፣ ከ30 ዓመት በኋላም ቢሆን የቀረሁበትን ትምህርት ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ምሳው አልበረደም።